በጥቅምት አንድ ራስ ማሽላ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ብርዱ ሥጋ ያሰኛልና በዚያ ወር በወልድያም ሆነ በመርሳ የጥብስ ሽታ ይበረታል። ከደሴ ተነስቶ ውርጌሳን አልፎ መርሳ የሚደርስ መንገደኛ የሰሜን ወሎዋን ወረዳ ሀብሩን የሚያውቃት በብርቱካኗ፣ በማንጎዋና በፓፓያዋ ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ግን በጥቅምት ሌላ ጥብስ ይጠብቀዋል። ድስት አይፈልግም፣ ቢላዋ አይነካውም፣ ዘይትና ቅመም አይገባበትም። የማሽላ እሸት ነው።

በብዙ አገር ሰው ወዳጆቹን ጠርቶ ደጅ ላይ የሚጠብሰው በሐምሌና በነሐሴ፣ በሞቃቱ ወራት ነው። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጭቃ ስለሆነ የደጅ እሳት ወቅቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይመጣል። መስከረም ተጋምሶ ምድሩ ሲጠነክር፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ማሽላውም ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጎረቤት ጎረቤቱን «ና እሸት እንብላ» ይላል። ይህ ግብዣ ካርድም ድንኳንም የለውም። እንግዳው ወደ ማሳው ይሄዳል እንጂ እሸቱ ወደ እንግዳው አይመጣም፤ ምክንያቱም ከአገዳው የተለየ ራስ ባደረ ቁጥር ጣዕሙ ይቀንሳል። አዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር የምናገኘው የበቆሎ እሸት ብቻ የሆነው፣ የማሽላው ደግሞ ከቀዬው ርቆ የማይታወቀው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

እሸት ማለት ያልበሰለ ማሽላ ሁሉ አይደለም። ማሽላ አበባውን ጥሎ ፍሬ ሲቋጥር መጀመሪያ ውስጡ ወተት ነው። ቀጥሎ ወተቱ ይረጋና እንደ ሊጥ ይሆናል። በመጨረሻ ይጠጥራል። በወተቱና በሊጡ ጊዜ ፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ገና ወደ ስታርች ተለውጦ አላለቀም፤ ጣፋጭነቱ ከዚያ ነው። ገበሬው ይህን የሚለካው በአውራ ጣቱ ጥፍር ነው። ፍሬውን ሲጫነው ነጭ ወተት ከፈሰሰ ገና ነው፣ እሳት ላይ ቢጥሉት ይጨማደዳል። ጥፍሩ ገብቶ ለስላሳ ሊጥ ከወጣ ጊዜው ነው። ጥፍር አልበሳው ካለ ደግሞ እሸትነቱ አልፏል፣ ለአውድማ ይተዋል። በእነዚህ መካከል ያለው ዕድሜ ጥቂት ቀናት ስለሆነ የእሸት ቀጠሮ ለሌላ ሳምንት አይተላለፍም።

ለእሳቱ የደረቀ አገዳ፣ ጭራሮና እንጨት ይሰበሰባል። አገዳው ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ፍም የሚሰጠው እንጨቱ ነው። ነበልባሉ እስኪወርድ መታገሥ ግድ ነው። ቸኩሎ ነበልባል ላይ የጣለ ሰው ከላይ የከሰለ፣ ከውስጥ ጥሬ የሆነ እሸት ያነሳል። ራሱ ሲቆረጥ ከግርጌው ስንዝር የምታህል አገዳ ትቀርለታለች፤ መያዣው እሷ ናት። ፍሙ ላይ ጋደም ይደረግና ቀስ እያሉ ያገላብጡታል። ፍሬው ይነፋል፣ መልኩ ወደ ቡናማ ይዞራል፣ አንዳንዱ ጧ ብሎ ይፈነዳል። የሚጠብሰው ሰው ዓይኑን ከእሳቱ አይነቅልም፤ ወሬውን ግን ይቀጥላል።

ሲበስል ራሱ ሰፌድ ላይ መታ መታ ይደረግና በመዳፍ ይታሻል። የተቃጠለው ገለባ በእፍታ ይበራል። ሰፌዱ ላይ የቀረው ትኩስ ፍሬ በእፍኝ እየተዘገነ መጀመሪያ ለትልቅ ሰው፣ ቀጥሎ ለእንግዳ፣ ከዚያ ለልጆች ይታደላል። መዳፍ ይጠቁራል፣ ከንፈርም ይጠቁራል፤ ለመታጠብ የሚነሳ ግን የለም። የመጀመሪያው እፍኝ ሳያልቅ ሁለተኛው ራስ ፍሙ ላይ ነው። እስኪደርስ ጥንቅሽ ይላጣል፤ አገዳው ጣፋጭ የሆነው ማሽላ ማለት ነው፣ እያኘኩ ጭማቂውን ይመጡታል። ቡና ከተፈላ ደግሞ ከሰዓት በኋላው እዚያው ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በእሸት እሳት ዙሪያ የሚቀመጠውን ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቀዬ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ይኖራል። ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው። ሥጋ ሲሆን ግን ባራጁ ይለያልና ደጋሹ ለሁለቱም ለየብቻ ያሳርዳል፣ ለየብቻ ያሠራል። ወሎዬ ይህን በክብር ሲያደርገው ኖሯል፤ ቢሆንም ድግስ ነው፣ ወጪም ድካምም አለው። እሸት ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ደግሞም ወቅቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ከሚዘልቀው ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል፣ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አለ። ጿሚው ከማይጾመው፣ ሼኩ ከቄሱ ጎን ተቀምጦ ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል። ወዳጆችን ሰብስቦ ለማብላት ከዚህ የቀለለና ማንንም የማይለይ ማዕድ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘሩ ልግባ። ለእሸት ሁሉም ማሽላ እኩል አይደለም። የሰሜን ወሎ ገበሬ ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ የሚጠራቸው ዓይነቶች አሉት። አንዱ ለእንጀራ ይመረጣል፣ ሌላው ለጠላ፣ ሌላው ለአገዳው። ለእሸት ተብለው የሚዘሩ ደግሞ አሉ፤ ከእነዚህ ስማቸው የገነነው ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ናቸው። ገበሬው ማሳውን ሙሉ እነሱን አይዘራም። በዋናው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት ይበትናል፣ ሲደርሱ ራሱን እየለየ ይቆርጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከተራው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይጠብሳል። ቢደርቁ ፍሬያቸው ይጨማደዳል፣ ክብደታቸውም ይቀላል። ለጎተራ ምርት ብሎ የሚዘራቸው ሰው የለም፤ የሚዘሩት ለጣዕም ነው።

ይህ የገበሬ ምርጫ ከሀብሩ እጅግ ርቆ ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዝርያዎችን መርምረው ከሁሉ የተለዩ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፣ መገኛቸውም ወሎ፤ ገበሬው ለእሸት ከሚዘራቸው ወገን ናቸው። ልዩ ያደረጋቸው ላይሲን ነው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የምናገኘው የፕሮቲን ክፍል ሲሆን ማሽላ በእሱ ድሃ ነው። ተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲኑ ውስጥ 2 ግራም ያህል ላይሲን ሲኖረው እነዚህ ከ3 ግራም በላይ ነበራቸው፤ የፕሮቲናቸው መጠንም ከተራው ይበልጣል። በአይጦች ላይ ሲሞከር የበሉት ፈጥነው አደጉ። ኢትዮጵያውያኑ የማሽላ ተመራማሪዎች ብርሃነ ገብረኪዳንና ይልማ ከበደም እ.ኤ.አ. በ1979 ገበሬው እነዚህን ማሽላዎች እንዴት እንደሚዘራቸውና እንዴት እንደሚበላቸው ጽፈው አስነበቡ። የወሎ እናቶች ለልጆቻቸው በእፍኝ ሲያድሉት የኖሩት ጥብስ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲመዘን የተሻለ ምግብ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ለምን ዓለምን አላዳረሰም? ላይሲኑን የጨመረው ባሕርይ ፍሬውን የሚያለሰልስና የሚያጨማድድም ስለሆነ ነው። ምርቱን ከፍ አድርጎ ጥራቱን መያዝ አዳቃዮችን አስቸግሯል። ወፍም አለ። ማሽላ ወተት ሲይዝ ግሪሳ በመንጋ ይወርድበታል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ ሲያባርሩ ይውላሉ። እሸት ከሁሉ በፊት የሚቀምሱት እነሱ ናቸው፤ ድካማቸውን ላየ ሰው የተገባቸው ነው።

ለእሸት ማሽላ ግን ትልቁ ለውጥ በዝናቡ የመጣው ነው። የጥንቶቹ ማሽላዎች ዕድሜ ረጅም ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርተው ኅዳርን ይጠብቃሉ። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ገበሬው ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ዘር የማውጣቱን ሥራ የያዘው እዚያው ሀብሩ ውስጥ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱን በወረዳዋ ውስጥ በምትገኘው በግራና ስም «ግራና-1» ብሎታል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቶሎ የሚደርስ ማሽላ የቤተሰብ ጉሮሮ ነውና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ዝርያ ሲመዘን ዋናው ሚዛን በሄክታር የሚገኝ ኩንታል ነው። ፍም ላይ እንዴት እንደሚሆን፣ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ ካልተጠየቀ የእሸት ማሽላ በየዓመቱ አንድ አንድ ማሳ እየለቀቀ ይሄዳል።

ዘር እንደሚጠፋ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1977 ድርቅ ስንቱ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን በልቶ ጨረሰ። በዚያ ዘመን የአገሪቱን የዘር ባንክ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር በቀል ዝርያዎችን ሰብስቦ ለገበሬው የመመለሱን ሥራ በወሎም ጭምር አስጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ትልቁ ሐሳባቸው ዘር የሚጠበቀው በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ነው የሚል ነበር። ለእሸት ይህ በእጥፍ እውነት ነው። ሌላው ሰብል ደርቆ ከተወቃ በኋላ ለዘር የሚሆነው ከጎተራ ይነሳል። እሸት ግን ዘሩ ሳይደርስ የሚበላ ነው። የሚጣፍጠው ራስ መጀመሪያ እሳት ላይ ይወጣል፤ ሳይመረጥ የቀረው ለዘር ቢተርፍ በዓመቱ የሚገኘው እሱው ነው።

ስለዚህ በሀብሩ፣ በመርሳ ዙሪያም ሆነ በወልድያ አካባቢ ማሳ ላላችሁ፣ ወይም ማሳ ያለው ወላጅና ዘመድ እዚያ ላላችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ ዝሩ፣ ግን ወተት በጉንጬና ማርጩቄን በአንድ ጥግ አትርሷቸው። በጥቅምት ወዳጆቻችሁን ስትጠሩ እሳቱ ከመያያዙ በፊት ማሳውን ዙሩ፤ ከሁሉ የበለጡትን ጥቂት ራሶች ክር አስራችሁ ለዘር አቆዩአቸው፤ የቀረውን ጠብሳችሁ ብሉ።