«አዝሙድ» ሲባል የትኛው? ስሙ አንድ፣ ዘይቱ ሦስት

በወልድያና በሀብሩዋ መርሳ ገበያ «አዝሙድ አለ?» ብሎ የጠየቀ ገዢ «ነጩ ነው ጥቁሩ?» መባሉ አይቀርም። ለበርበሬና ለዳቦ ለሚገዛ ሰው ይህ በቂ ነው። መዓዛማ ዘይቱን ለሚፈልግ የውጭ ደንበኛ ግን አይበቃም። ነጭ አዝሙድ በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ አንዴ «ካራዌይ»፣ አንዴ «ኩሚን» እየተባለ ይጻፋል። ጥቁሩም «ጥቁር ካራዌይ» የሚባልበት ጊዜ አለ።

እውነተኛው ካራዌይ ሌላ ተክል ነው። ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ፖላንድና ግብፅ ያመርቱታል። ከፍሬው ክብደት ከ3 እስከ 7 በመቶ ዘይት የሚወጣ ሲሆን፣ የዘይቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ካርቮን፣ ቀሪው በአብዛኛው ሊሞኒን ነው። ለዳቦ፣ ለአይብ፣ ኪመል ለተባለው የጀርመኖች መጠጥ፣ ለአፍ መጉመጥመጫና ለሳሙና ይውላል። በኔዘርላንድስ ካርቮን በመጋዘን ያለ ድንች እንዳያቆጠቁጥ አገልግሏል።

የእኛው ነጭ አዝሙድ ሕንዶች «አጆዋን» የሚሉት ነው። ከካራዌይ፣ ከድንብላልና ከእንስላል ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚደርሰው ዘይቱ ዋና ይዘት ታይሞል ነው። ታይሞል ተሕዋስያንን ስለሚገድል ለአፍ መጉመጥመጫና ለመድኃኒት ይፈለጋል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ከነጭራሹ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ዋናው ዘይቱ በመጭመቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በእንፋሎት የሚወጣው ጥቂት ነው።

አሠራሩ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም። የደረቀው ፍሬ ወደ ጋኑ ሊገባ ሲል ይከካል፤ ተከክቶ ከቆየ መዓዛው ይተናል። እንፋሎት በፍሬው ውስጥ ያልፋል፣ በቧንቧ ሄዶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበርዳል፣ ዘይቱም ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ወይም በአሉሚኒየም ዕቃ ይቀመጣል። ተራ ፕላስቲክ አይስማማውም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 3 በመቶ ዘይት ካለው አንድ ኩንታል ነጭ አዝሙድ የሚወጣው 3 ኪሎ ነው። የኩንታሉ ዋጋ ለሦስት ሲካፈል ማገዶ፣ ጉልበትና ዕቃ ሳይታሰቡ የአንድ ኪሎ ዘይት መነሻ ወጪ ይገኛል። ገዢው ከዚያ በታች የሚሰጥ ከሆነ ፍሬውን እንደ ቅመም መሸጥ ይሻላል። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው ወልድያ፣ በ100 ኪሎ ፈንታ 3 ኪሎ መጫን የማጓጓዣ ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል።

አደጋው ያለው ከስሙ ላይ ነው። «ካራዌይ» ተብሎ የተዋዋለ ዘይት ላቦራቶሪ ገብቶ ካርቮን ሳይሆን ታይሞል ቢገኝበት፣ ዘይቱ ንጹሕ ቢሆንም ውሉ ፈርሷል። የጉምሩክ ሰነዱም ይዛባል፤ በዓለም አቀፉ ታሪፍ የካራዌይ ፍሬ በ0909፣ መዓዛማ ዘይት በ3301 ይመደባል።

ስለዚህ ናሙና ሳይመረመር፣ የተክሉም ሳይንሳዊ ስም ውሉ ላይ ሳይሰፍር ቀብድ መቀበል አይበጅም። በሀብሩ የሲሪንቃ፣ በደቡብ ደግሞ በመዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከላት ስላሉ፣ ዘሩን ለመለየት ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ደላላው «አዝሙድ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ለስሙ ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥ ላለው ነው።