ስሙ ያልተጻፈ ፎቶ፦ ተማሪያችን ከላይብረሪ ያገኘችው ትምህርት

ሰሞኑን በማታ ትምህርት ክፍላችን አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ወረቀቱ ከእኛ ዘንድ ተምራ አሁን በርቀት ዲፕሎማ የምትከታተል አንዲት እህታችን የሠራችው የጥናት ጽሑፍ ሲሆን፣ መምህሯ በቀይ ቀለም ሦስት ቦታ ምልክት አድርጎ «ምንጭ የለውም፣ እንደገና ይሠራ» ብሎ መልሶላታል። የተሰጣት ጊዜ አሥር ቀን ብቻ ነበር። ይህን ኮርስ ከወደቀች ወደሚቀጥለው ተርም አታልፍም። በካምፕ ኑሮ ደግሞ አንድ የትምህርት ዕድል ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምናወራው እህታችንን ለማማት አይደለም። ስሟ ሳይጠቀስ እንዲጻፍ እሷም ፈቅዳልናለች። ነገሩ ነገ በእያንዳንዱ ለዩኒቨርሲቲ በሚዘጋጅ ልጃችን ላይ ሊደርስ የሚችል ስለሆነ ነው።

የተሰጣት ጥያቄ «በአንድ ዘመን በአንድ ቦታ የሠሩ ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎችን አወዳድሪ» የሚል ነበር። እሷም መሐመድ አሚንንና ሴባስቲያኦ ሳልጋዶን መረጠች። ምርጫዋ ጥሩ ነበር፤ ሁለቱም በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ቆረም ላይ ሠርተዋልና። ችግሩ የመጣው ከአሠራሯ ነው። በስልኳ የሃያ ሽልንግ ኢንተርኔት እየገዛች፣ ከዚህም ከዚያም የተቀዳ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ነገር ሰብስባ ገጣጠመችው። እውነቱን ለመናገር እኛ መምህራኑም ብዙ ጊዜ የምንሠራው እንዲሁ ነው።

ስህተቶቹ እነዚህ ነበሩ። አንደኛ፣ ረሃቡ የደረሰው «በ1977» ነው ብላ ጽፋ፣ ከዚያው ሥር ፊልሙ በ1984 ታየ ትላለች። መምህሩ ታዲያ ሰባት ዓመት የት ሄደ ብሎ ጠየቃት። ሁለተኛ፣ መሐመድ አሚን በ1991 አዲስ አበባ ላይ በፍንዳታ ሞተ ብላለች። ሦስተኛ፣ መሐመድ አሚን አነሳው ብላ የለጠፈችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሳልጋዶ ሆኖ ተገኘ።

በሁለተኛው ቀን አብረናት ወደ ላይብረሪ ሄድን። እዚህ ካኩማ ላይብረሪያችን ትንሽ መሆኗን ታውቃላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አቧራ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሳት የሚመስል ሙቀት። «ፎቶግራፍ» የሚለውን መደርደሪያ ስናይ ስለ ካሜራ አያያዝ የሚያስተምሩ ሁለት ያረጁ መጻሕፍት ብቻ አገኘን። ልንወጣ ስንል የላይብረሪው ሠራተኛ፣ እሱም እንደኛው ስደተኛ ነው፣ «ቆዩ እንጂ! ፎቶ አንሺን በካሜራው ብቻ አትፈልጉት፤ የሄደበትን አገር ፈልጉ» አለን።

ከዚያም የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ አስረዳን። ለካስ በየቀኑ እያየነው የማናውቀው ነገር ነው! ዲዊ የሚባለው አሠራር ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ስለ ፎቶግራፍ ሙያ የሚያወሩ መጻሕፍት 770 ላይ ናቸው፤ የፎቶ ስብስቦች 779 ላይ። ፎቶ አንሺው የዜና ሰው ከሆነ 070 ላይ የጋዜጠኝነት መጻሕፍት አሉ። የሕይወት ታሪክ 920 ላይ፣ የአፍሪካ ጉዞና ጂኦግራፊ 916 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይገኛል። ስለዚህ አንድን ሰው ለማጥናት ቢያንስ አራት መደርደሪያ መዞር ያስፈልጋል ማለት ነው።

916 ላይ ስንደርስ ያላሰብነውን አገኘን። «ክሬድል ኦፍ ማንካይንድ» የሚል እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ የመሐመድ አሚን መጽሐፍ ነው። የሚያወራው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ቱርካና ሐይቅና በዙሪያው ስለሚኖሩ ሕዝቦች! የቆረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ሰው፣ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ እኛ ዛሬ የተጠለልንበትን የቱርካናን ምድር በካሜራው ዞሮታል። እህታችን መጽሐፉን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እስኪዘጋ አልተነሳችም።

ቀሪውን ከሌሎች መጻሕፍትና ከላይብረሪው ኮምፒዩተር አጣራን። መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ኢስሊ ሠፈር ተወለደ። ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ በ1963 ዳሬ ሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን አቋቋመ። ጥቅምት 1984 ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ቆረም ገብቶ የቀረጸው ፊልም በዚያው ወር 23 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ 13 ቀን በለንደንና በፊላዴልፊያ ለተካሄደው የላይቭ ኤድ የዕርዳታ ኮንሰርት መነሻው ይኸው ነበር። በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። በፍንዳታው የሞተው አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ነው። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሞተው ኅዳር 23 ቀን 1996፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ ነው። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ።

የሳልጋዶ መጽሐፍ በላይብረሪያችን የለም። ግን እህታችን ስትመዘገብ ከዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ላይብረሪ መግቢያ የይለፍ ቃል ተሰጥቷት ኖሮ፣ አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም! በዚያ ገብታ አገኘችው። ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ1944 ብራዚል ተወለደ። የተማረው ኢኮኖሚክስ ሲሆን ለዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሲሠራ ወደ አፍሪካ ይመላለስ ነበር። በ1973 ሥራውን ትቶ ፎቶ አንሺ ሆነ። በ1984 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ረሃቡን ቆረምና በሌሎች ቦታዎች በጥቁርና ነጭ አነሳ። የስደተኞችን ኑሮ የሚያሳየው ትልቁ ሥራው በ2000 ታተመ። ግንቦት 2025 ፓሪስ ላይ በ81 ዓመቱ አርፏል።

እነሆ ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ። አንዱ በቀናት ውስጥ ለዜና የሚደርስ፣ የሚንቀሳቀስ ፊልም ቀረጸ። ሌላው ቀስ ብሎ ለወራት እየተከታተለ ለመጽሐፍ የሚሆን ፎቶ አነሳ። በስልክ የተለቃቀመው ወሬ ይህን አላሳያትም ነበር።

የዓመቱ ነገር ደግሞ የኛው ጣጣ ነው። እኛ «77» የምንለው በአገራችን አቆጣጠር ሲሆን፣ ፈረንጆቹ 1984 ይሉታል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት መደመር ነው። ቤት ውስጥ የሰማነውን ዓመት ሳናሰላ ለውጭ መምህር ከጻፍን ውሸታም እንመስላለን። ከላይ ያሉትን ወሮችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፋችንን ልብ በሉልን።

በስድስተኛው ቀን በኮሚኒቲያችን ያሉ አንድ አባት ዘንድ ሄድን። በ77 ቆረም መጠለያ ነበሩ፤ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ። ፎቶዎቹን ስታሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። «ጋሼ፣ ያነሷችሁን ሰዎች ያስታውሷቸዋል?» አለቻቸው።

«ካሜራ የያዙ ብዙ ነበሩ ልጄ፤ ሁሉንም ፈረንጅ ነበር የምንላቸው» አሉ። «ይሄ ናይሮቢ የተወለደ መሆኑን ገና ዛሬ ካንቺ ሰማሁ። እነሱስ ስማቸው ተጽፎ ቀረ። ከሥር ግን እስቲ አንብቢልኝ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ትባላለች ይላል?»

አነበበችላቸው። «ቆረም፣ 1984» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ይህ ጥያቄ የጽሑፏ የመጨረሻ ክፍል ሆነ። ፎቶ አንሺን ማጥናት ማን አነሳ፣ መቼ፣ የት፣ ለማን ብሎ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ የተነሳውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅም እንደሆነ ጻፈች። የእኚህን አባት ቃል ስማቸውን ሳትጠቅስ፣ በፈቃዳቸው፣ ቃለ መጠይቅ የተደረገበትን ቀን መዝግባ አስገባች። ይህም እንደ ምንጭ ይቆጠራል።

ወረቀቱ በዘጠነኛው ቀን ተላከ፤ አልፋለች! ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ያዞረችውም ታናናሾቿ ቀዩንም ቀለም፣ የታረመውንም እንዲያዩት ብላ ነው።

ለምትጀምሩ ወንድሞችና እህቶች የምንመክረው ይህ ነው። አንደኛ፣ መጽሐፍ ስታነሱ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን አንብቡ፤ የታተመበት ዓመትና አሳታሚው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ መጨረሻ ላይ ያለውን የስም ማውጫ ፈልጉ። ሦስተኛ፣ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍና ያነሳውን ሰው ስም ሳታዩ ፎቶ አትለጥፉ። አራተኛ፣ አንድን ነገር ሁለት ቦታ ሳታገኙት አትጻፉ። አምስተኛ፣ ያነበባችሁበትን ገጽ ቁጥር ያኔውኑ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ስድስተኛ፣ የላይብረሪውን ሠራተኛ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም። በየቤታችን ሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልለው፣ ከአገር ይዘናቸው የወጣናቸው ፎቶዎች አሉ። ዛሬ ማታ አውጥተን በጀርባቸው ላይ ስም፣ ቦታና ዓመት እንጻፍ። እኛ ካልጻፍነው ነገ ልጆቻችን የሚያጠኑት ያለ ስም የቀረ ፎቶ ይሆናልና።

ቸር ያሰንብተን።