ሐሙስ ማታ ማን ይመጣል? ፊዚክስ ወደ ገበያ የገባባቸው መንገዶች

ጆርጂዮ ፓሪሲ እ.ኤ.አ. በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጋር ሲጋራ፣ እኔ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ገበያ ነው። ፓሪሲ በ1979 መፍቻውን ያገኘለት እንቆቅልሽ ስፒን ግላስ ይባላል። በዚህ ቅይጥ ብረት ውስጥ አንዱ አቶም ከከፊሉ ጎረቤቱ ጋር መመሳሰል፣ ከከፊሉ ጋር መቃረን ይፈልጋል፤ ሁሉንም ማስማማት ግን አይችልም። የገበያ ሰው ኑሮም እንዲሁ ነው።

ገበያን በፊዚክስ ዘዴ ለሚያጠናው መስክ ኢኮኖፊዚክስ የሚለውን ስም የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ስታንሊ በ1995 ኮልካታ ላይ ካወጣለት 30 ዓመት አልፏል። ነገሩ ከስሙ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ የፓሪስን የአክሲዮን ገበያ ዋጋ በዘፈቀደ ጉዞ ያሰላው በ1900፣ አንስታይን ስለ ብራውን እንቅስቃሴ ከመጻፉ 5 ዓመት ቀድሞ ነው። በ1963 ቤኖዋ ማንደልብሮት የጥጥ ዋጋን መርምሮ፣ ትልልቅ መዋዠቆች የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት ከሚፈቅደው እጅግ እንደሚበዙ አሳየ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የኒው ዮርኩ ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወርድ ማንደልብሮት ትክክል እንደነበር ታየ።

የኔ ልብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የአሜሪካዋ ሳንታ ፌ ከተማ፣ ኤል ፋሮል የሚባል መጠጥ ቤት። ሐሙስ ማታ የአየርላንድ ሙዚቃ ይሰማበት ነበር። ኢኮኖሚስቱ ብራያን አርተር በ1994 ጥያቄውን እንዲህ አቀረበ፦ 100 ሰው መሄድ ያምረዋል፤ ከ60 በላይ ከመጣ ግን ቤቱ ተጨናንቆ ምሽቱ ይበላሻል። ሁሉም "ዛሬ ይሞላል" ብሎ ከቀረ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ሁሉም "ዛሬ ሰው የለም" ብሎ ከመጣ ይሞላል። ሁሉም የተስማማበት ግምት ራሱን ያፈርሳል። አርተር ለእያንዳንዱ ሰው የተለያዩ የግምት ዘዴዎች ሰጥቶ፣ እስካሁን የተሻለ የሠራለትን እንዲከተል በኮምፒውተር ሞከረው። አስተባባሪ ሳይኖር የሚመጣው ሰው ቁጥር 60 አካባቢ ይዋልል ጀመር።

በ1997 ዳሚየን ሻሌ እና ዪ-ቼንግ ዣንግ ይህን ወደ "አናሳዎች ጨዋታ" አቀለሉት። ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆኑ ተጫዋቾች ከሁለት ጎን አንዱን ይመርጣሉ፤ ጥቂት ሰው ያለበት ጎን ያሸንፋል። 101 ተጫዋቾች ያለፉትን 2 ዙሮች ብቻ ቢያስታውሱ ሊገጥሟቸው የሚችሉት ታሪኮች 4 ናቸው፤ ስለዚህ እንደ መንጋ አብረው ይነጉዳሉ፣ ውጤታቸውም ሳንቲም ጥለው ቢወስኑ ከሚያገኙት የከፋ ነው። 5 ዙር ቢያስታውሱ ታሪኮቹ 32 ይሆናሉ፤ ያኔ ሳይነጋገሩ ከሳንቲሙ ይሻላሉ። እያንዳንዱ ሁለት ስልት ሲይዝ፣ የታሪኮቹ ብዛት ለተጫዋቾቹ ሲካፈል 0.34 ገደማ ላይ፣ ውሃ በረዶ እንደሚሆንበት ያለ የሁኔታ ለውጥ ይከሰታል። በአንዱ ወገን ካለፈው ታሪክ የሚቀጥለውን አሸናፊ መገመት አይቻልም፤ በሌላው ይቻላል። በ2000 ሻሌ፣ ማርሲሊና ዜኪና ይህን በሒሳብ የፈቱት በስፒን ግላስ ዘዴ ነው። ብረትን ለመረዳት የተሠራ መሣሪያ የሰውን ግምት ፈታ፤ በዚህ መስክ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላውቅም።

ፊዚክስና ጨዋታ በሌላም መንገድ ተገናኝተዋል። ኖዋክና ሜይ በ1992 የእስረኞችን አጣብቂኝ፣ ማለትም እያንዳንዱ ከመተባበርና ከመክዳት አንዱን የሚመርጥበትን ጨዋታ፣ በቼዝ ሰሌዳ መሰል ሜዳ አጫውተው፣ ተባባሪዎች ተጠጋግተው ሲሰፍሩ ከከሃዲዎች እንደሚተርፉ አሳይተዋል። ከ1999 ጀምሮ የመጣው የኳንተም ጨዋታ ውብ ሒሳብ ነው፤ ስለ ገበያ ግን ብዙም አላስተማረኝም።

የማልቀበለው ገንዘብን እንደ ሙቀት የሚቆጥረውን ነው። በ2000 ድራጉሌስኩና ያኮቬንኮ ሰዎች እንደሚጋጩ የጋዝ ቅንጣቶች ገንዘብ ቢለዋወጡ፣ ስርጭቱ የጋዝ ቅንጣቶች ጉልበት የሚከፋፈልበትን የቦልትዝማንን ሕግ እንደሚከተል አሰሉ። የአብዛኛው አሜሪካዊ ገቢ ከዚያ ቅርጽ ጋር መቀራረቡ እውነት ነው። ነገር ግን ጋለጋቲ፣ ኪን፣ ሉክስና ኦርሜሮድ በ2006 እንደተቹት፣ በእንዲህ ያለው ሞዴል ውስጥ ልውውጥ እንጂ ምርት የለም። ገበሬ ጤፍ ሲያመርት ሀብት ይጨምራል፤ በጋዝ ግጭት ግን ጉልበት አይጨምርም። ትችቱ እስካሁን ክብደቱን አላጣም።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል። ማንደልብሮት የጀመረው ከዋጋ መዝገብ ነው፤ የእኛም መዝገብ ገና ከመጀመሪያው ገጹ እየተጻፈ ነው። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ የዕለት ዋጋውን ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምሩ።