ባንክ ለቀየረ የሚሰጠው ገንዘብ፦ የሚባለውና እውነታው

እንግሊዝ አገር ባንኮች ሂሳቡን ከሌላ ባንክ ላዛወረ ሰው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ከ100 እስከ 200 ፓውንድ መስጠት የተለመደ ነው። ለንደን ውስጥ በእቁብ ቀን ወይም ቡና ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ «ወጥመድ ነው» ብሎ ይሸሻል፣ ሌላው «ነፃ ብር ነው» ብሎ ሳያነብ ይገባበታል። የመጀመሪያው የሚፈራው የማያስፈራውን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን አላየም።

ባንክ ዝም ብሎ ገንዘብ አይሰጥም የሚለው ልክ ነው። የሚሰጥበት ምክንያት ግን የተደበቀ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሰው አንዴ የከፈተውን ሂሳብ ለዓመታት አይቀይርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰር ጆን ቪከርስ የተመራው የባንክ ኮሚሽን ይህ ልማድ ውድድሩን እንዳቀዘቀዘው ተመልክቶ፣ መቀየር ቀላል እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በ2013 መስከረም ወር ከረንት አካውንት ስዊች ሰርቪስ የተባለው አሠራር ተጀመረ። በዚህ አሠራር ዝውውሩ በ7 የሥራ ቀናት ያልቃል፤ ዳይሬክት ዴቢቱም (ተቋሙ ራሱ የሚቆርጠው ክፍያ) ስታንዲንግ ኦርደሩም (ደንበኛው ያዘዘው ቋሚ ክፍያ) ደመወዙም ራሱ ተከትሎ ይሄዳል፤ በስህተት ቅጣት ወይም ወለድ ቢመጣ አዲሱ ባንክ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዝውውሮች ተካሂደዋል። ባንኩ 175 ፓውንድ ሲሰጥ የሚያሰላው ደመወዝዎ፣ ኦቨርድራፍትዎ (ከሂሳብ በላይ የሚወጣ ብድር)፣ ምናልባትም ሞርጌጅዎ (የቤት ብድርዎ) እሱ ጋ ለዓመታት እንደሚቆይ ነው። እርስዎ ባይቆዩለትም ሕግ አልጣሱም፤ ከአንድ በላይ ሂሳብ መያዝም ወንጀል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። «ቦነሱን ለማግኘት ዋናውን አካውንቴን መስጠት አለብኝ» ይላል። ቦነሱ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዝውውር ይጠይቃል፤ ሙሉ ዝውውር ደግሞ የድሮውን ሂሳብ ይዘጋዋል። ነገር ግን የሚዘጋው ሂሳብ ደመወዝ የሚገባበት ይሁን ያለ የለም። በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እህት እናስብ። ደመወዟ፣ የቤት ኪራይዋ፣ የካውንስል ታክሷ፣ ለእቁብ ሰብሳቢው የምትልከው ሁሉ በአንድ አካውንት ያልፋል። ያንን አትነካውም። በስልኳ ሌላ ተራ ከረንት አካውንት ትከፍታለች፤ ብዙ ባንኮች የሚዛወረው ሂሳብ ዳይሬክት ዴቢት እንዲኖርበት ስለሚፈልጉ፣ የስልክ ክፍያዋንና ለበጎ አድራጎት በወር የምትሰጠውን 2 ፓውንድ በዳይሬክት ዴቢት ወደዚያ ታዞራለች። እነዚህ አንድ ጊዜ ከተቆረጡ በኋላ ቦነስ የሚሰጠው ባንክ ጋ አመልክታ፣ የዚህን የሁለተኛውን አካውንት ሶርት ኮድና ቁጥር አስገብታ እሱን ታዛውራለች። አዲሱ ባንክ በ30 ወይም በ60 ቀን ውስጥ 1,000 ወይም 1,500 ፓውንድ ይግባ ካለ፣ ከዋናው አካውንቷ ታስገባለች። ብዙ ባንኮች ገንዘቡ እዚያው ይቀመጥ አይሉም፤ የሚሉም አሉና ውሉን ማንበብ ግድ ነው። «ከዚህ ቀን ወዲህ ቦነስ የወሰደ አይገባውም» የሚለው አንቀጽም አብዛኞቹ ውሎች ላይ አለ። ስለዚህ ከአንድ ባንክ ደጋግሞ መውሰድ ይቻላል የሚለው ወሬ አያዋጣም።

ዋናውን አካውንት ያዛወረ ሰው ምን ያጣል? በዴቢት ካርድ ቁጥር የተመዘገቡ ክፍያዎች አይዛወሩም። አገር ቤት ገንዘብ የምንልክበት አፕ ላይ ያለው ካርድ ዝውውሩ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አይሠራም፤ እናት ለመድኃኒት የምትጠብቀው ገንዘብ በዚያው ቀን ሊቆም ይችላል።

ከዚህ የከፋው የቪዛ ጉዳይ ነው። ባል ወይም ሚስት ከአዲስ አበባ ለማምጣት የሚያመለክት ተቀጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የ6 ወር የደመወዝ ወረቀትና ያው ደመወዝ ሲገባ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት ያቀርባል። በመካከሉ ሂሳቡ ከተዘጋ የባንኩ አፕም አብሮ ሊዘጋ ይችላል፤ የጎደለውን ስቴትመንት ከድሮው ባንክ ማስመጣት ደግሞ ደብዳቤና ጥበቃ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻ ያለበት ሰው የደመወዝ ሂሳቡን ለ150 ፓውንድ ብሎ ባያንቀሳቅስ እመክራለሁ። የግድ የሚያዛውር ከሆነም ከዝውውሩ በፊት ስቴትመንቶቹን በሙሉ አውርዶ ያስቀምጥ።

«ክሬዲት ስኮር (የብድር ታማኝነት ነጥብ) ያበላሻል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። መጀመሪያ ነገር፣ አንድ የሚባል ስኮር የለም፤ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የተባሉት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ያወጣሉ፤ አበዳሪው ደግሞ በራሱ ስሌት ይፈርዳል። አካውንት ለመክፈት ሲያመለክቱ ብዙ ባንኮች ሌሎች አበዳሪዎችም የሚያዩትን ጥብቅ ፍተሻ ያደርጋሉ፤ ይህም ከ1 እስከ 2 ዓመት መዝገቡ ላይ ይቆያል። አንዱ ፍተሻ ስኮሩን በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል፣ በወራት ውስጥም ይመለሳል። ችግሩ ሲደራረብ ነው። በአንድ ወር አራት ቦታ ያመለከተ ሰው ለአበዳሪ ዓይን ገንዘብ የቸገረው ይመስላል። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሞርጌጁ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ይህን ባይነካካ ይሻለዋል። በሞርጌጅ ወለድ ላይ የምትጨመር ትንሽ ክፍልፋይ ከማንኛውም ቦነስ ትበልጣለች። አዲስ አካውንት ሲከፈት ኦቨርድራፍት አለመጠየቅም ይረዳል። ባንኩ «አልቀበልም» ቢል፣ ውድቅ መደረጉ ራሱ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የሚታየው ፍተሻው ብቻ ነው።

ስለ ግብር የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ዘመዶች የመጣ ነው። እዚያ የባንክ ቦነስ እንደ ወለድ ይቆጠራል፣ ባንኩም በ1099 ቅጽ ለመንግሥት ያሳውቃል። እንግሊዝ አገር ለተራ ደንበኛ አንድ ጊዜ የሚከፈል የመቀየሪያ ቦነስ በአብዛኛው ግብር የለበትም። አንዳንድ አካውንቶች በየወሩ የሚከፍሉት ሽልማት ግን ግብር ሊነካው ይችላል።

የመጨረሻው እምነት በጣም ያሳስበኛል፤ የሚጎዳውም አዲስ መጤ ወጣቶችን ነውና። «የወንድሜን ስም ልጠቀም፣ የኔ አልፏል» ወይም «አካውንትህን ለአንድ ሳምንት አውሰኝ፣ 200 ፓውንድ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው አለ። ይህ ከሕጋዊው የባንክ ቦነስ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። በሌላ ሰው ስም ማመልከት ማጭበርበር ነው፤ በአካውንት ውስጥ የማያውቁትን ገንዘብ ማሳለፍ ደግሞ እስከ 14 ዓመት በሚያስቀጣው የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ሕግ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ክስ ባይመጣ እንኳ ባንኩ ሲፋስ በተባለው የማጭበርበር መከላከያ መዝገብ ላይ እስከ 6 ዓመት የሚቆይ ምልክት ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ያ ምልክት ያለበት ሰው ሂሳብ መክፈትም ብድር ማግኘትም ይቸግረዋል። አካውንቱ በድንገት ተዘግቶበት ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሲፋስ ስለ እሱ የያዘውን መረጃ በነፃ መጠየቅ ይችላል። ምልክቱ ያለአግባብ ከሆነ ቅሬታው መጀመሪያ ለባንኩ ይቀርባል፤ ባንኩ በ8 ሳምንት ውስጥ ካልፈታው ወይም መልሱ ካላረካ፣ ክፍያ ወደማያስከፍለው ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ይሄዳል።