ዖሜር፦ ገብስ ከሚዘራበት መሬት የበቀለች ከተማ

በደቡብ እስራኤል ካለችው ከቤር ሼቫ ወጥቶ በ60 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ለተጓዘ ሰው፣ ዛፍ ያጠላባቸው ባለ ሰፊ ግቢ ቤቶች ይታዩታል። ዖሜር ናት። ነዋሪዎቿ ከ7,000 በላይ ሲሆኑ ከእስራኤል ባለጸጋ ከተሞች አንዷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1949 የመሠረቷት ከውትድርና የተሰናበቱ ወጣቶች ናቸው። ሄብሮና ብለው በሰየሙት ኪቡጽ መሬቱም፣ ከብቱም፣ ማዕዱም የጋራ ነበር። አልዘለቀም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እርሻው የጋራ እንደሆነ ቆይቶ ቤተሰብ ጓዳውን ለየ፤ ቀጥሎም ሞሻቭ ሆነና እያንዳንዱ አባወራ የየራሱን ማሳ ያዘ። ስሙም ተቀያይሮ በመጨረሻ የመከር ነዶን በሚያመለክተው ዖሜር ጸና።

ይህን ሁሉ ለውጥ የመሥራቾቹ ስንፍና አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በቤር ሼቫ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ያቺው ጥቂት ዝናብ የምትጥለው በክረምታቸው፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። አፈሩ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ፊቱ ይደድርና ውኃው ሳይሰርግ ወደ ሸለቆው ይፈሳል።

መሬቱን ጠንቅቀው ያውቁት የነበሩት ቤዱዊን ዐረቦች ናቸው። ለብዙ ትውልድ ገብስ ዘርተውበታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዚህ አካባቢ፣ የኔጌቭ በረሃ፣ ገብስ በጋዛ ወደብ በኩል ለእንግሊዝ ቢራ ጠማቂዎች ይሸጥ ነበር። በ1948ቱ ጦርነት ግን አብዛኞቹ ከኔጌቭ ተሰደዱ ወይም ተፈናቀሉ። የዖሜርን እርሻ ታሪክ ከ1949 የሚጀምር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

የያርኮን ወንዝ ውኃ በቧንቧ ኔጌቭ የደረሰው በ1955 ነው። ውኃው ለእርሻ ተስፋ ቢሰጥም ቤር ሼቫንም አብሮ አሳደጋት። ቤር ሼቫ ሆስፒታል ከፈተች፤ በ1969 ደግሞ ዛሬ ቤን ጉሪዮን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ሐኪሙና መምህሩ ከከተማው ግርግር ወጣ ብለው መኖር ፈለጉ፤ ከገብስና ከአትክልት ይልቅ የቤት መሥሪያ ቦታ ዋጋ አወጣ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማሳው እየተሸነሸነ ሰፈር ሆነ፣ በ1970ዎቹ ዖሜር የራሷን የአካባቢ ምክር ቤት አገኘች፣ በ1990ዎቹ ባለሀብቱ ስቴፍ ቬርትሃይመር የኢንዱስትሪ መንደር ተከለባት።

ጎረቤቷ ቴል ሼቫ ነው፤ መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቤዱዊኖች ያቀደው የመጀመሪያው ከተማ። ማዘጋጃ ቤቶች በኑሮ ደረጃ ከ1 እስከ 10 ሲመደቡ ዖሜር ከላይኛው እርከን፣ ቴል ሼቫ ከታችኛው ላይ ይቀመጣሉ።