«ዲስኩ ተጣምሟል»፦ ሳይለካ የሚላግ ፍሬን

ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ አሮጌ መኪና ይዘው ጋራዥ ቢገቡ፣ ብዙ ጊዜ ጎማው ሳይወልቅ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ዲስኩ ተጣምሟል፤ ቶርኖ ይግባ።» ባለመኪናውም ይህንኑ ከሌላ ሹፌር ሰምቶ ስለመጣ አይከራከርም። ዲስኩ ይላጋል፣ ተመልሶ ይገጠማል፣ መኪናውም ጸጥ ይላል። ከወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ሲመለስ ዲስኩም ወደ ቶርኖ ቤት ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ተልጎ ተልጎ የሳሳና ፊቱ ላይ ስንጥቅ ያወጣ የታክሲ ዲስክ አይቻለሁ። ባለቤቱ ለቶርኖ የከፈሉት ገንዘብ መባከኑ ያሳዝናል፤ የሚያስቆጣው ግን በዚያ ዲስክ በየቀኑ ሰው ይጫን የነበረ መሆኑ ነው።

እምነቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ፍሬን በእርግጥ ይግላል፤ የጋለ ብረት ይጣመማል ብሎ ማሰብም ያለ ነው። ከቶርኖ በኋላ መኪናው ይሻለዋል፤ ሰውም ያየውን ያምናል። ነገር ግን ቶርኖው ያስወገደው ምልክቱን እንጂ መነሻውን አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ እጃችንና እግራችን የሚሰማው የዲስኩ መጣመም ሳይሆን ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ እንኳ ሊበቃው ይችላል። ወፍራሙ ቦታ በሁለቱ ሸራዎች መሀል ባለፈ ቁጥር የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ በዘይቱ በኩል ፔዳሉ ላይ፣ በመሪው ዘንጎች በኩል ደግሞ እጅ ላይ ይደርሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና ጎማ በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ያ ትንሽ ልዩነት በየዙሩ እየተደጋገመ መሪውን ያርገበግበዋል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ሸራው ራሱ ነው። ረጅም ቁልቁለት ወርደው፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በፍሬን ብቻ ተንሸራተው፣ ዲስኩ ግሎ እያለ ፔዳሉን ረግጠው ቢቆሙ ሸራው በነካው ቦታ ላይ ከራሱ ላይ ጥቂት ትቶ ይሄዳል። በውድድር መኪኖች መሐንዲስነት ዕድሜውን ያሳለፈው አሜሪካዊው ካሮል ስሚዝ «ተጣመመ» የሚባለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ሸራ እኩል ሳይሆን የተለጠፈበት ዲስክ ነው ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል።

ሁለተኛው ምንጭ በእኛ አሮጌ መኪኖች ላይ የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ እሱም አገጣጠም ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ ዝገት ወይም ጭቃ ከቀረ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ሲዞር ይወላገዳል። ብዙ የኮሮላ የጥገና መመሪያዎች የሚፈቅዱት መወላገድ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንዲት የዝገት ቅርፊት ያነሰ ማለት ነው። እንዲህ የተገጠመ ዲስክ በመጀመሪያው ቀን አይንቀጠቀጥም። ፍሬን ሳይያዝም በየዙሩ አንዱ ወገኑ ሸራውን እየነካ ስለሚያልፍ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለመኪናውም «የሸጡልኝ ዲስክ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሶማሌ ተራ ተመልሶ ይጣላል። አንዳንዴ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ብቻ ነበር። ጎሚስታው ብሎኖቹን በቁልፉ ላይ ቆሞ አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ሲያስር ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ለብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች የተወሰነው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ብሎኖቹም በመስቀለኛ ተራ በእኩል ይጠብቃሉ።

ዲስክ መላግ የራሱ ገደብ አለው። ዝቅተኛው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ በብዙ የቤት መኪኖች ከአዲሱ ላይ የሚቀነሰው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱንም ሁለቱ ፊቶች ይካፈሉታል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ከመላክ በፊት ውፍረቱን በማይክሮሜትር፣ መወላገዱን ደግሞ ሰዓት በሚመስለው መለኪያ ማየት የግድ ነው። መለኪያው ሳይነሣ «ይላግ» የሚል መካኒክ እየገመተ ነው፤ በሰው ፍሬን ላይ መገመት ደግሞ መብቱ አይደለም። ይህንኑ ግምት በቪዲዮ እየቀረጹ እንደ ሙያ ምክር የሚያሰራጩት ደግሞ ይብሳሉ።

ከሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ በእርግጠኝነት መለየት ባይቻልም ፍንጭ ይገኛል። ፍሬን ሳይያዝ የሚንቀጠቀጥ መሪ መጀመሪያ የጎማ ባላንስና ቸርኬ ይታይለት። ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጥርጣሬው ወደ ፊት ነው፤ መቀመጫው ከሆነ የሚርገበገበው ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ታምቡሮቹ ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበና አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ የካሊፐሩ ፒስተን ወይም መንሸራተቻ ፒኖቹ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። ያ ሳይፈታ አዲስ ዲስክም አይበረክትም።

ጩኸትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ከጮኸ ሸራው አልቋል» ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ዝናብ ባደረበት ጠዋት የሚሰማው ድምፅ ስስ ዝገት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። «ካልጮኸ ደህና ነው» የሚለው ግን ይብሳል፤ ማለቁን በፉጨት የሚያሳውቀው ቀጭን ብረት በሁሉም ሸራ ላይ የለም። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰሙ መኪናውን ያቁሙ። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለጥቂት ቀናት ጸጥ ያሰኛል፤ ድምፁ የሚመነጨው ከንዝረት ስለሆነ መፍትሔው ያለው በሸራው ጀርባና በፒኖቹ ላይ ነው፣ ሙቀት የሚችል ግራሶም እዚያ ብቻ ይቀባል። የሸራውን ፊት ግራሶ ወይም ዘይት የሚቀባ ሰው የመኪናውን ፍሬን እያጠፋ ነው። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በኮምፕረሰር አያስነፉ፤ በውሃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት።

የፍሬን ዘይት «ካልጎደለ አይቀየርም» የሚሉም አሉ። ዘይቱ እርጥበት ይመጥጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። በቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ ሞልቶ ዝም ማለት ስህተት ነው፤ ወይ ሸራው ሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፣ ሁለቱም ጎማ ተፈትቶ መታየት አለባቸው።