የመረጃ ቋት አመክንዮአዊ ንድፍ

የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) አመክንዮአዊ ንድፍ ማለት የአንድ ድርጅት መረጃ በየትኞቹ ሠንጠረዦች እንደሚከፈል፣ እያንዳንዱ መዝገብ በምን እንደሚለይና ሠንጠረዦቹ እንዴት እንደሚገናኙ የሚወሰንበት ሥራ ነው። መሠረቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የዝምድና ሞዴል ነው። ፒተር ቼን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ነገሮችንና ግንኙነታቸውን በሥዕል የማሳየት ዘዴ አስተዋወቀ።

ከዱቤ ደብተር ወደ ሠንጠረዥ

ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ ሠፈር በዱቤ የሚሸጥ አንድ የእህል ሱቅ ይታሰብ። ባለሱቁ በደብተሩ በአንድ መስመር ቀኑን፣ የደንበኛውን ስምና ስልክ፣ የእህሉን ዓይነት፣ ኪሎውንና ዋጋውን ይጽፋል። ይህ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ቢገለበጥ የደንበኛው ስልክ በገዛ ቁጥር ይደገማል፤ ስልኩ ሲቀየርም አንዱ መስመር ታርሞ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ መረጃው እንደሚከተለው ይከፈላል፦

* ደንበኛ፦ የደንበኛ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ
* እህል፦ የእህል ቁጥር፣ ዓይነት፣ የወቅቱ ዋጋ
* ሽያጭ፦ የሽያጭ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛ ቁጥር
* የሽያጭ ዝርዝር፦ የሽያጭ ቁጥር፣ የእህል ቁጥር፣ ኪሎ፣ የተሸጠበት ዋጋ
* ክፍያ፦ የክፍያ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን

ዋጋ በሁለት ቦታ መቀመጡ ድግግሞሽ አይደለም፤ ጤፍ ነገ ቢወደድ የትናንቱ ዕዳ መለወጥ የለበትም። ቀሪ ዕዳ ግን ከሽያጩ ድምር ላይ ክፍያው ተቀንሶ ስለሚገኝ የራሱ ዓምድ አያስፈልገውም።

የመለያ ቁልፍ

ስም ጥሩ መለያ አይሆንም። ሁለት ደንበኞች በስምና በአባት ስም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ያርፋል። በሌላ በኩል «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው፤ የአንድ ሰው ዕዳ በሦስት ሰዎች ስም ተበታትኖ ይቀራል። ስልክም ይቀየራል፣ ቤተሰብም በጋራ ይጠቀምበታል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ሌሎቹ ሠንጠረዦች ደንበኛውን የሚጠቅሱት በዚሁ ቁጥር ብቻ ነው።

ቀን

የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ነው። የተለመዱት የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች የቀን ዓምድ ግን የተዘጋጀው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ 13ኛ ወር አይቀበልም። ስለዚህ ቀኑ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ተመዝግቦ ለተጠቃሚው ሲታይ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመለሳል። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ የትኛው ዕዳ እንደሚቀድም ማወቅ አይቻልም።

ንድፉን መፈተን

ንድፉ የሚፈተነው ባለሱቁ በየዕለቱ በሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነው፦ ማን ስንት ዕዳ አለበት? በዚህ ወር የትኛው እህል ይበልጥ ተሸጠ? መልሱ ከሠንጠረዦቹ የማይገኝ ጥያቄ ካለ፣ መረጃው መመዝገብ ከመጀመሩ በፊት ንድፉ ይታረማል።